ለዛፍ የሚዘረጋ ገመድ

በጃፓን ካናዛዋ ከተማ፣ ኬንሮኩየን በተባለው ዝነኛ የአትክልት ስፍራ፣ በየዓመቱ ኖቬምበር 1 ቀን አንድ ሥራ ይጀመራል። አትክልተኞች ከጥድ ዛፎች ግንድ አጠገብ ረጃጅም ምሰሶ ያቆማሉ፤ ከምሰሶው ጫፍ ከገለባ የተገመዱ ገመዶችን ወደ ታች እየዘረጉም ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ያስራሉ። ዘዴው ዩኪትሱሪ ይባላል። ቅርንጫፎቹን ከበረዶ ክብደት ይጠብቃል።

የካናዛዋ በረዶ ከባድ ነው። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይሸከማል፤ ተራሮቹ ጋ ሲደርስ ያራግፈዋል። ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን በረዶው ውኃ ያዘለ ነው። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ በሜትር ኪዩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ እርጥቡ 300 ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው በረዶ 30 ሳንቲ ሜትር ከተከመረ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 90 ኪሎ ግራም ያርፋል ማለት ነው። ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች በክረምት ባዶ ስለሚሆኑ ብዙ አይዙም፤ ጥድ ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነውና በረዶው ያርፍበታል። ክብደቱ ከግንዱ በራቀ መጠን ደግሞ የቅርንጫፉን መነሻ የመገንጠል ኃይሉ ይጨምራል። ገመዱ ከዚህ ጫና ከፊሉን ወደ ምሰሶው ያሸጋግራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ለቤት ግቢ ምሰሶ ላያስፈልግ ይችላል። ከሥራቸው ብዙ ግንድ አውጥተው ቀጥ ብለው የሚያድጉ ቁጥቋጦዎች በረዶ ሲጫናቸው ይፈነጠቃሉ፤ ስለዚህ በረዶው ሳይጀምር በለስላሳ ሰፊ ማሰሪያ ከታች ወደ ላይ ዙሪያቸውን መጠምጠም፣ ቅርፊቱን እንዳይቆርጥም በጸደይ መፍታት ነው። በረዶው ከወረደ በኋላ ቅርንጫፉን ከሥሩ በመጥረጊያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማንሳት ይበጃል። ከላይ መምታት ግን ቀድሞ የጎበጠውን ይሰብረዋል። በረዶው ግግር ሆኖ ከተጣበቀ እስኪቀልጥ መተው ይሻላል፤ የጎበጠ ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ በራሱ ይቃናል። በዛፉ ሥር የተከመረው ንጹሕ በረዶም በውስጡ በያዘው አየር ሥሩን ከብርድ ስለሚከልል አይነካ። ከመንገድ የተዛቀ ጨው ያለበት በረዶ ግን ሥሩን ስለሚጎዳ እዚያ አይጣል።

በሚኒሶታም ሆነ በቶሮንቶ ግቢ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ዛፋችሁን በመከር ወራት ዙሩና እዩት። የሚታሰረውን እሰሩ፣ የደከመውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። ለዓመታት ያደገን ዛፍ አንድ ሌሊት ሊሰብረው ይችላልና ዝግጅቱ ከበረዶው ይቅደም።