ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ከደብረ ታቦር ሲታይ

ሰባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ሊያየው የወጣ ሰው የሚሰማው ታሪክ ከመጨረሻው ይጀምራል፦ የእሮጌው ጦርነት፣ ጄኔራል ናፒየር፣ ሽጉጡ። መድፉ ግን የተወለደው ሌላ ቦታ ነው። ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም የማትርቅ ጋፋት የምትባል ኮረብታ ላይ ቀልጦ፣ ከቅርጹ ወጥቶ፣ በሰው ትከሻና በሰው ክንድ እየተጎተተ ነው ወሎ የገባው።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የምናደርገው ክርክር አንድ ትልቅ ክፍተት አለው ብዬ አምናለሁ። ቋራን ያነሣል፤ መቅደላንም ያነሣል። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ንጉሡ መንግሥታቸውን ያቆሙበትንና መንግሥታቸው የፈረሰበትን የቤጌምድር ደጋ፣ የዛሬውን ደቡብ ጎንደር፣ ይዘልለዋል። «አንድ አድራጊ ናቸው ወይስ አጥፊ?» የሚለው ጥያቄ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሳይዘጋ የቆየው በከፊል ስለዚህ ነው። መልሱ ያለው በጀግንነት ትረካ ውስጥ ሳይሆን በገበሬው ጎተራ ዙሪያ ነው።

ክርክሩ በራሳቸው ዘመን የተጀመረ ነው። ዜና መዋዕላቸውን በአማርኛ ከጻፉት መካከል ደብተራ ዘነብ አድናቂያቸው ነበሩ፤ ታሪካቸው ግን በ1852 ዓ.ም. አካባቢ ያበቃል። አለቃ ወልደ ማርያም እስከ ፍጻሜው ጻፉ፤ ቃላቸውም መራራ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሁለቱ ጸሐፊዎች የተለያዩት በአመለካከት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ብዕሩን ያስቀመጠው መከራው ገና ሳይከፋ ነው። ኋላ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ አቤ ጉበኛ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔትና በልብ ወለድ ብቸኛውን፣ ሕልሙ የቀደመውን ንጉሥ ሳሉልን። ብዙዎቻችን ቴዎድሮስን የምናውቃቸው ከእነዚህ ሥራዎች ነው። ከታሪክ ተመራማሪዎች ስቬን ሩበንሰን፣ ዶናልድ ክራሚና ባሕሩ ዘውዴ መዝገቡን ከፍተው የተሐድሶ ሐሳባቸውንና ጭካኔያቸውን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ክርክሩ ግን ቀጠለ።

ከደብረ ታቦር እንነሣ። ከተማዋን የመሠረቱት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ጎንደር የነገሥታት ከተማ ሆና ስትቀር፣ ዘውዱን በእጃቸው ያስገቡት እንደራሴዎች የራሳቸውን መቀመጫ እዚህ አደረጉ። ምክንያቱ መሬቱን ላየ ሰው ግልጽ ነው። በምሥራቅ ጉና ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በምዕራብ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ይዘረጋል፤ ርብና ጉማራ ያጠጡታል። ገብስና ስንዴው ከደጋው፣ ጤፍና ከብቱ ከሜዳው ይመጣል። ወደ ጎንደርም፣ ወደ ጎጃምም፣ በጋይንት አድርጎ ወደ ወሎም መንገድ አለ። ጦር ለማብላት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግር ነበር።

በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ የጊዜውን እንደራሴ ራስ ዓሊን እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ገጥመው ድል አደረጉ፤ ድሉን ሲያከብሩ ግን ተማረኩ። መሳፍንቱ የሚዋጉት ለማሸነፍ እንጂ መንግሥት ለማቆም እንዳልነበረ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ካሳ ኃይሉ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ቋራ የተወለደው፣ ገዳም ገብቶ የተማረው፣ ኋላ ቆላ ወርዶ የሸፈተው ካሳ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን በማግባት ለጊዜው ታረቀ። እርቁ አልቆየም። በ1845 ዓ.ም. ብቻ በኅዳር ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን፣ በሰኔ አይሻል ላይ አማቱን ራስ ዓሊን ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውቤን አሸንፎ፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ። (በፉከራ «አንተ» የምንለውን ሰው በታሪክ «እርሳቸው» ማለት የለመድን ሕዝብ ነን፤ እኔም ከዘውዱ ወዲህ እንዲሁ አደርጋለሁ።)

ንጉሡ የወረሱት ትልቁ ችግር የመሳፍንቱ ትዕቢት ብቻ አልነበረም። ትልቁ ችግር ወታደሩ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ወታደር ደመወዝ የለውም፤ በባላገሩ ቤት ይሠራል፣ ማለትም ተመድቦ ይቀለባል። ተሠሪው የገበሬውን እንጀራ ይበላል፣ በሬውን ያርዳል፣ ሚስቱንና ልጁን ያዛል። ገበሬው ለጌታው ግብር ከገበረ በኋላ የተረፈውን ለተሠሪው ያቀርባል፤ ሌላ ጦር ባለፈ ቁጥር ደግሞ የቀረውን ይዘረፋል። ራስ ሁሉ የራሱን ጦር የሚይዘው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ጦሩ የመሪው እንጂ የአገር አይሆንም።

ቴዎድሮስ ይህን ያዩት ከታች ነው፤ ራሳቸው ሽፍታ ነበሩና። በነገሡ ማግሥት የወሰዱት እርምጃም ለዚህ ነው የሚመሰገነው። ከየአውራጃው የመጣውን ጦር ቀላቅለው በአሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃ፣ በሺ አለቃ አደራጁት። እነዚህ ማዕረጎች እስከ ዛሬ በአፋችን አሉ። ወታደሩ ከባላገሩ ቤት ወጥቶ በደመወዝ እንዲያድር፣ ዘራፊው ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ፣ የባሪያ ንግድ እንዲቀር አዘዙ።

ደመወዙ ከየት ይምጣ? የመንግሥታቸው ጥያቄ ሁሉ እዚህች ላይ ተቋጥሯል። የውጭ ንግዱ በር፣ ምጽዋ፣ በቱርክ እጅ ነበር። ያለው ሀብት መሬት ነው። ከመሬቱም ብዙው ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ለዘውዱ የማይገብር ነው። ንጉሡ በነገሡ በዓመቱ ገደማ ካህናቱን ሰብስበው ጠየቁ፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፣ የተረፈው መሬት ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ አሉ። ካህናቱ እምቢ አሉ። ንጉሡ ለጊዜው ተዉት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጉልበት ሊፈጽሙት ተነሡ።

የዛሬ አንባቢ ይህን ሲያነብ ነገሩ ቀላል ይመስለዋል፤ ዘመናዊ ንጉሥ፣ ኋላ ቀር ካህናት። በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በደራ፣ በጋይንት ደጋዎች ያደገ ሰው ግን እንደዚያ አያየውም። በየጉብታው ላይ ደብር አለ። የደብሩ ካህን ከገበሬው የተለየ ዘር አይደለም፤ ወንድሙ ነው፣ የነፍስ አባቱ ነው፣ ልጁን ፊደል ያስቆጠረ ነው። ካህኑ መሬቱን ሲነጠቅ የተነካው አንድ መደብ ሳይሆን አንድ ቤተ ዘመድ ነው። ቄሱ በቅዳሴ ማግሥት «ይህ ንጉሥ የእግዜር አይደለም» ቢል የሚሰማው ብዙ ነው። እኔ ሐሳቡ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ያለ መሬት ገቢ መደበኛ ጦር አይቆምም። ነገር ግን ሕዝቡን ከጎን ሳያሰልፉ የሕዝቡን ነፍስ አባት ተቃዋሚ ማድረግ፣ መንግሥታቸው ከሠራቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነበር። ዘውድ የጫኑላቸው አቡነ ሰላማ ሳይቀሩ መቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው አረፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የእሳት ማጥፋት ዘመቻ ነው። ትግሬ ሲረጋ ጎጃም ያምፃል፤ ጎጃም ሲወረር ወሎ ይነሣል። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። ቴዎድሮስ በንዴት በእጃቸው የነበሩትን የወሎ መያዣዎች አስገደሉ። ዋግሹም ጎበዜ በላስታ፣ ካሳ ምርጫ (የኋላው ዐፄ ዮሐንስ) በትግራይ ተነሡ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስልሳ ሺህ ገደማ የሚገምቱት ጦር በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ አሥር ሺህ ወረደ። አገር ሲጠብ ደግሞ ቀለቡ ከጠበበው አገር ብቻ ይወጣል። ወታደሩ ብቻውን አይሄድም፤ ሚስት፣ ፈጪ፣ ስንቅ ተሸካሚ፣ በቅሎ፣ አጋሰስ ይከተለዋል። ጎጃም፣ ሸዋ፣ ትግራይና ላስታ ያራገፉትን ሸክም ቤጌምድር ብቻውን ተሸከመ። ተሠሪውን ከገበሬው ቤት ለማስወጣት የተነሣ መንግሥት፣ በመጨረሻ የአንድ አውራጃን ገበሬ እስከ ዘር እህሉ የሚበላ መንግሥት ሆነ።

የቤጌምድር ሰው ለብዙ ዓመት ከሌላው ይልቅ ታግሦ ነበር። ሲያምፅ ግን ማምለጫ አልነበረም። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያኗ ተቃጠሉ፣ መጻሕፍቷ ተጫኑ። በቀጣዩ ዓመት በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው መንደር ተራ ደረሰው። ገበሬው እህሉን ቀብሮ ገደል ገባ፤ እርሻ ጦም አደረ፤ የተያዘ ተገደለ።

ይህን ጭካኔ «ተዋበች ስለሞቱባቸው ነው»፣ «እንግሊዛውያኑ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤል ስለተገደሉባቸው ነው» ብሎ መተረክ ተለምዷል። ሐዘን ሰውን ይለውጣል። ግን የእቴጌይቱ ሞት የደመወዝ ጥያቄን አልፈጠረም፤ የጓደኛ ሞትም የፎገራን እህል አላሟጠጠም። የንጉሡን ጭካኔ በልብ ስብራት ብቻ ስናስረዳ የሞቱት ገበሬዎች የአንድ ሰው ሐዘን ጌጥ ሆነው ይቀራሉ። ይህ አይገባቸውም።

ጋፋት የዚሁ ታሪክ ሌላው ፊት ነው። እዚያ የሰፈሩት በባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ተቋም የመጡ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለርና ባልንጀሮቻቸው። የእጅ ሙያ ያላቸው ናቸውና ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ ሙያቸውን ፈለጉ። የአገር ልጆች አብረዋቸው ሠሩ። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ መንገድ እንዲቆረጥ ታዘዘ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ ያዩ ሰዎች ጽፈዋል።

ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤም ከዚህ ፍላጎት አይለይም። ወዳጅነትና እርዳታ ፈለጉ፤ በጊዜው መልስ አላገኙም፤ ደብዳቤው ለንደን ቢሮ ውስጥ ተረሳ። የእንግሊዙ ቆንሲል ካሜሮን ታሰረ። መልስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም በጣና ዳር ቆራጣ ላይ በክብር ከተስተናገደ በኋላ እርሱም ተይዞ በደብረ ታቦር በኩል ወደ መቅደላ ተላከ። የታሰሩት አውሮፓውያን የጦርነት ምክንያት ሆኑ። የጋፋቶቹ ደግሞ መድፍ እንዲሠሩ ተገደዱ። ብዙ ሙከራ ከሽፎ በመጨረሻ ሰባስቶፖል ተወለደ።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ከኋላቸው የሚመለሱበት ከተማ የለም። በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በቤተ ሖር አድርገው፣ ዋድላና ደላንታን ተሻግረው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየሰነጠቁ፣ ጠመዝማዛ መንገድ እየቀደዱ አምስት ወር ከግማሽ ያህል ተጓዙ። መድፍ የሚጎትተው ሰው በቀን ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። እስረኞቹን ሊያስፈታ የተላከው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር ከዙላ ባሕር ዳርቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሲመጣ ገበሬው እህልና መኖ እየሸጠ ጠገራ ብር ተቀበለ። ይህን «ክህደት» የሚሉ አሉ። የገዛ ንጉሡ ጦር ሲመጣ እህሉን የሚቀብር ሰው፣ ለሚከፍል ባዕድ ቢሸጥ እኔ አልፈርድበትም።

የመቅደላውን ሁሉም ያውቀዋል። ስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ሰባት መቶ ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከመቶ በላይ እስረኞች ወደ ገደል ተጥለዋል፤ በትንሣኤ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው በቅኔና በመዝሙር ሲነገሩ መካከለኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሦስቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ሰው ትእዛዝና ውሳኔ የሆኑ ናቸው።

የተቃጠለችው ደብረ ታቦር ብዙም ሳትቆይ እንደገና ቤተ መንግሥት ሆነች። ዐፄ ዮሐንስ ከተማዋንና አጠገቧ ያለችውን ሰመራን መቀመጫ አደረጉ፤ ግብጽን ወክሎ የመጣው ጎርደን በ1872 ዓ.ም. ያገኛቸው እዚሁ ነው። ዮሐንስ ከቴዎድሮስ ተምረው ምኒልክንና የጎጃሙን ተክለ ሃይማኖትን ንጉሥ ብለው በየአገራቸው ተዉአቸው። አመፁ ቀነሰ። ተሠሪው ግን ከገበሬው ቤት አልወጣም። ወታደሩን ከመኖሪያ ቤት አውጥቶ በአሥራት እህል ለመቀለብ የሚያስችል አዋጅ የወጣው በ1880ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ያወጡት ዐፄ ምኒልክ ናቸው፤ አሥር ዓመት ገደማ መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ያደጉት ያ ልጅ።