የክብ ዓምድ ሚሊንግ ማሽን ራስ

በአንዲት አነስተኛ የገጠር ከተማ የሚገኝ የእህል ወፍጮ የኩሽኔታው መያዣ ተሰንጥቆ ቆመ እንበል። እህላቸውን በአህያ ጭነው ማልደው የመጡ ሁሉ ሳያስፈጩ ይመለሳሉ። ባለ ወፍጮው የተሰነጠቀውን ብረት ይዞ ወደ ብረታ ብረት ሥራ ቤት ይሄዳል፤ ባለሙያውም በምትኩ ሌላ ለመሥራት ይነሣል። አዲሱ መያዣ መካከሉ ላይ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት አንድ ሰፊ ቀዳዳ፣ በማዕዘኖቹም ብሎን የሚገባባቸው አራት ጠባብ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይገባል። ሰፊው ቀዳዳ ከአራቱ አንጻር ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ የወፍጮው ዘንግ ተዛንፎ ይቆማል፤ አዲሱም ኩሽኔታ ብዙ ሳያገለግል ተበልቶ ያልቃል።

ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራው በሚሊንግ ማሽን ነው። በቶርኖ ላይ የሚሽከረከረው የሚቆረጠው ብረት ሲሆን፣ በሚሊንግ ማሽን ላይ ግን የሚሽከረከረው መቁረጫው ነው። ብረቱ በሞርሳ ተይዞ ከጠረጴዛው ጋር ይታሰራል፤ ጠረጴዛውም በመዘውር ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳል። ሞተሩንና መቁረጫውን የተሸከመው የላይኛው ክፍል የማሽኑ ራስ ይባላል። ሞርሳ፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ተማሪው ልብ ይበል፤ ዛሬ በየጋራዡ ባዕድነታቸውን የሚያስታውስ የለም። የብረታ ብረት ሙያ በአገራችን በመደበኛ ትምህርት ከተሰጠባቸው ተቋሞች አንዱ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ይህ ተቋም ኋላ ከባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

በትናንሽ ሥራ ቤቶች ከሚገኙት ሚሊንግ ማሽኖች መካከል ርካሾቹ ራሳቸው በአንድ ክብ ዓምድ ላይ የተሰካ ነው። ጠርዝ ባለው ዓምድ ላይ የሚሄድ ራስ በቦዩ ውስጥ እንደሚንሸራተት የጠረጴዛ መሳቢያ ነው፤ ከመውጣትና ከመውረድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ክቡ ዓምድ ግን እንዲህ አይደለም። ቡና የሚወቅጥ ሰው ዘነዘናውን ባነሣ ቁጥር ዘነዘናው በእጁ ውስጥ ጥቂት ይዞራል፤ በዚህም ሙቀጫው ውስጥ ያለው ቡና የሚጎዳው ነገር የለም። የማሽኑም ራስ ማሰሪያ ብሎኖቹ ላልተው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል እንደዚሁ ይዞራል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። በዓምዱ ጎን ያለው ጥርሳም ዘንግ ራሱን ለማንሣት ይረዳል እንጂ መዞርን አይከለክልም፤ አብሮት በዓምዱ ዙሪያ ይዞራልና።

የጉዳቱን መጠን በስሌት እንመልከት። ከዓምዱ መካከል እስከ መቁረጫው መካከል ያለው ርቀት 200 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ ራሱ አንድ ዲግሪ ሲዞር መቁረጫው ከቦታው ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻል። ይህን ዓይን ያየዋል። የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ሲዞር ደግሞ ሽሽቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ዓይን አያየውም፤ ኩሽኔታው ግን ያውቀዋል።

ታዲያ ባለሙያው ራሱን ማንሣት ለምን ያስፈልገዋል? አጭሩን መቁረጫ አውጥቶ በምትኩ ረጅም መሰርሰሪያ ሲያስገባ ቦታ ስለሚጠበው ነው። ስለዚህም ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ሥራውን ከመጀመር በፊት ማሰብ ነው። ለሥራው ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ረጅሙ ተመርጦ የራሱ ከፍታ በእርሱ ልክ ይወሰናል፤ አጭሩ መሣሪያ ሲገባ የጎደለውን ርቀት መቁረጫውን የያዘው ዘንግ ከራሱ ውስጥ ወደ ታች ወጥቶ ይሞላዋል። ይህ ዘንግ በብዙዎቹ ማሽኖች ከ120 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል። አጫጭር መሰርሰሪያዎችን መግዛትም ገንዘብ ማባከን አይደለም።

ይህ ሳይቻል ቀርቶ ራሱ ቢነሣ ሥራው ተበላሸ ማለት አይደለም። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ይደናገጣሉ፤ ባላዋቂነት ብረቱን ከሞርሳው ፈትተው እንደገና ሲያስሩ አይቻለሁ፤ ይህም አንዱን ስሕተት ሁለት ያደርገዋል። የዞረው ራሱ ነው እንጂ ጠረጴዛው አይደለም። ጠረጴዛው የሚሄድባቸው ሁለቱ አቅጣጫዎች እንደነበሩ ናቸው፤ ሁሉም ቀዳዳዎች ከመቁረጫው የራቁት በእኩል መጠንና ወደ አንድ ወገን ነው። ስለዚህ ቀድሞ ከተበሱት ቀዳዳዎች አንዱን ብቻ መልሶ ማግኘት ይበቃል። ባለ ሰዓት መለኪያ ከመቁረጫው ዘንግ ጋር ታስሮ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ በእጅ ይዞራል፤ መርፌው በዙሪያው ሁሉ አንድ ቁጥር እስኪያሳይ ድረስ ጠረጴዛው በመዘውር ይነዳል። ከዚያ መዘውሮቹ ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ ቀዳዳዎች በስሌት ይገኛሉ።

ሌላው ዘዴ ቀጭን የብርሃን ጨረር የሚሰጥ የሌዘር መብራት ከራሱ ጋር አጥብቆ ማሰር ነው። ግንበኛ እንደሚያደርገው ቱምቢ ተጥሎ በሩቅ ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሠመራል። ግድግዳው ከዓምዱ 5 ሜትር ቢርቅ፣ በግድግዳው ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ሽሽት በመቁረጫው ዘንድ 0.04 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ራሱ ከተነሣ በኋላ የብርሃኑ ነጥብ ከመስመሩ ላይ እስኪያርፍ በቀስታ ይመለሳል። ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ለትክክለኛ ሥራ ግን በመለኪያው ማረጋገጥ አይቀርም።

ሁለቱንም ዘዴዎች ከንቱ የሚያደርግ ጉድለት ዓምዱ ራሱ በጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ አለመቆሙ ነው። ዓምዱ በአንድ ሜትር ቁመት 1 ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል፣ ራሱ ምንም ሳይዞር 100 ሚሊ ሜትር ከፍ በማለቱ ብቻ መቁረጫው 0.1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል፤ ቀዳዳውም ሰያፍ ሆኖ ይበሳል። የዓምዱ መሠረት ከማሽኑ ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ፣ ከሥሩ ስስ ቆርቆሮ እየተደረገ ይቃናል። የራሱ ማሰሪያ ብሎኖችም ሲጠብቁ ራሱን ጥቂት ይስቡታል፤ በየተራ፣ ሁልጊዜም በአንድ ቅደም ተከተል መጥበቅ አለባቸው። መለኪያው የሚነበበው ከጠበቁ በኋላ ነው።