ጥፋቱ የጆይን አይደለም

«ጆይን ዳታቤዝ ያዘገያል፤ ከተቻለ ሽሹት።» ሥራ የጀመሩ ወጣት ፕሮግራመሮች ይህን ከቀደሟቸው ይሰማሉ፤ እንደ ሕግም ይዘውት ይቆያሉ። ምክሩ ያበላሸው ኮድ ስለበዛ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በጃንጎ የተሠራ አንድ የሽያጭ ገጽ እንውሰድ። 100 ትዕዛዞች ተዘርዝረዋል፤ በእያንዳንዱ ጎን የደንበኛው ስም አለ። ትዕዛዙ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ደንበኛው በሌላ ነው፤ የሚያገናኛቸው ፎሪን ኪ ነው። ጆይን የሚፈራው ሰው ትዕዛዞቹን በአንድ ኩዌሪ ያመጣና ቴምፕሌቱ ላይ፣ ሉፕ ውስጥ፣ ከትዕዛዙ በነጥብ ወደ ደንበኛው፣ ከደንበኛው በነጥብ ወደ ስሙ ይሻገራል። ኮዱ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ግን ሉፑ በዞረ ቁጥር፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ነጥብ ጋ ሲደርስ፣ ጃንጎ ደንበኛውን ፍለጋ እንደገና ወደ ዳታቤዙ ይሄዳል። አንድ ለዝርዝሩ፣ መቶ ለስሞቹ፤ በድምሩ 101 ኩዌሪ። ኤን ፕላስ ዋን የሚባለው ችግር ይኸው ነው።

ላፕቶፕ ላይ ዳታቤዙ እዚያው ስላለና የሙከራው ዳታ ጥቂት ረድፍ ስለሆነ ምንም አይታወቅም። አፕሊኬሽኑ አዲስ አበባ፣ ዳታቤዙ አውሮፓ ሆኖ አንድ ደርሶ መልስ 100 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ግን ገጹ ለመከፈት ከ10 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ተጠቃሚው ኔትዎርኩን ያማርራል፤ ድርጅቱ ትልቅ ሰርቨር እንዲገዛ ይመከራል። ትልቅ ሰርቨር የመንገዱን ርቀት አያሳጥርም! መፍትሔው ኩዌሪው ላይ ሴሌክት ሪሌትድ ጨምሮ ደንበኛውን መጥቀስ ብቻ ነበር። ጃንጎ ሁለቱን ሠንጠረዦች በጆይን አገናኝቶ 101ዱን ኩዌሪ አንድ ያደርገዋል።

እምነቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ኢንዴክስ በሌለው ዓምድ ሚሊዮን ረድፎችን ማገናኘት ዳታቤዝን ሊያንገዳግድ ይችላል። ዳታቸውን በብዙ ሰርቨሮች የከፋፈሉ ግዙፍ ኩባንያዎችም ከሰርቨር ሰርቨር ጆይን ማድረግ ይከብዳቸዋል። የእነሱን ችግር አምጥቶ ለአንድ ሱቅ ሶፍትዌር ሕግ ማድረግ ግን ያናድዳል። ኤድጋር ኮድ አይቢኤም ሳለ እ.ኤ.አ. በ1970 ሪሌሽናል ሞዴሉን ሲያቀርብ ጆይን ከዋነኞቹ ስሌቶች አንዱ ነበር። ፖስትግሬስ ብቻውን ለዚህ ሥራ ሦስት ስልቶች አሉት፤ እንደ ሠንጠረዦቹ መጠንና እንደ ኢንዴክሱ ራሱ ይመርጣል። ጆይን ያዘገያል የሚል ሰው ኤክስፕሌን አናላይዝ አስኪዶ የትኛው እርምጃ እንዳዘገየው ያሳየን።

«ሴሌክት ሪሌትድ ሁሉንም ይፈታል» የሚሉም አሉ። አይፈታም፤ እሱ የሚሠራው ወደ አንድ ረድፍ ብቻ ለሚያደርስ ግንኙነት ነው። አንድ ትዕዛዝ ብዙ ዕቃዎች ካሉት ፕሪፌች ሪሌትድ ያስፈልጋል፤ ዕቃዎቹን በሁለተኛ ኩዌሪ አምጥቶ ፓይተን ውስጥ ያገናኛቸዋል። ከዚያ በኋላ በሉፑ ውስጥ ፊልተር ከጨመሩ ግን የመጣው ዳታ ቀርቶ ኩዌሪው እንደ አዲስ ይላካል።

«ፎሪን ኪ ካለ ኢንዴክስ አለ» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ጃንጎ ራሱ ይፈጥራል፣ የማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢም እንዲሁ። ፖስትግሬስ ግን በራሱ አይፈጥርም፤ ሠንጠረዡን በእጁ የሠራ ሰው ኢንዴክሱንም በእጁ ይጨምር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «የጃንጎ ኦአርኤም ካሰላው ቁጥሩ ትክክል ነው» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ምንም ስህተት ሳያሳይ ያልፋል። አንድ ትዕዛዝ 3 ዕቃዎችና 500 ብር፣ 500 ብር ሆነው የተከፈሉ 2 ክፍያዎች አሉት እንበል። የዕቃዎቹን ብዛትና የክፍያውን ድምር በአንድ ኩዌሪ ከጠየቁ ጆይኑ 6 ረድፍ ይሰጣል፤ ዕቃው 6፣ ክፍያው 3,000 ብር ሆኖ ይወጣል። ብዛቱን ዲስቲንክት ያስተካክለዋል። ድምሩ ላይ ዲስቲንክት ቢጨምሩ ግን ሁለቱን እኩል ክፍያዎች እንደ አንድ ቆጥሮ 500 ብር ይላል። ትክክለኛውን 1,000 ብር የሚያወጣው ክፍያውን ለብቻው የሚደምር ሰብኩዌሪ ነው።