ከውጭ የሚገቡ የሳኒተሪ ዕቃዎችና የገራዶ አዲስ ቤቶች

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ግራና ቀኙን ዳገትና ገደል ባጠበበው ሸለቆ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ ለቤት የሚሆን ሜዳ ሲፈለግ ዓይን ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ከከተማዋ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው ገራዶ ነው። በገራዶም ሆነ በጎረቤት ከተማ ኮምቦልቻ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ድንጋዩ፣ አሸዋውና ጉልበቱ የአካባቢው ሲሆን፣ በጥቅሉ «ሳኒተሪ» የሚባሉት ዕቃዎች፣ ማለትም የእጅ መታጠቢያው፣ የሽንት ቤት መቀመጫው፣ ሻወሩና ሚክሰሩ፣ በአብዛኛው ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ሐዋሳ የሚገኘው ታቦር ሴራሚክ መታጠቢያና መቀመጫ በአገር ውስጥ ሲያመርት የኖረ ፋብሪካ ቢሆንም፣ በሱቆች መደርደሪያ ላይ ጎልተው የሚታዩት የቻይና፣ የቱርክና የጣሊያን ሥራዎች ናቸው። በነጋዴ እጅ ከሚገባው ሌላ ደግሞ ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የሚመለስ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የሚመጣ አለ። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለየአገራቸው ቧንቧ፣ ለየአገራቸው የውሃ ግፊትና ለየአገራቸው የግንባታ ልማድ በመሆኑ፣ አገልግሎታቸው የሚወሰነው በመልካቸው ሳይሆን ከሚቀበላቸው ቤት ጋር ባላቸው ስምምነት ነው።

አስቀድሞ የሚመጣው የጥርስ ጉዳይ ነው። ጥርስ የሚባለው ሁለት የቧንቧ አካላት እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት ጠመዝማዛ ሽንትር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ካቀረበው መለኪያ የወረደው፣ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ የሆነው ዓይነት ነው። የአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ ግን ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው። የሁለቱም ግማሽ ኢንች በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 14 ጥርስ ስላለውና የውጭ ስፋታቸውም 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ በእጅ ሲጠመዘዝ ጥቂት ዙር ያለ ችግር ይገባል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ሠራተኛው ቴፍሎን ጠቅልሎ በቁልፍ ሲያጠብቀው የጥርሶቹ ጎን ለጎን አለመግጠም ቀጭን መተላለፊያ ይተዋል፤ በዚያም የምታልፈው ጠብታ ከሴራሚኩ ሥር ተደብቃ ትቆይና ከወራት በኋላ በወዲያኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ቀለም አሳብጣ ትወጣለች። መፍትሔው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር አገናኝ መጠቀም ሲሆን፣ አገናኙን ከዕቃው ጋር አብሮ ከዚያው ገዝቶ መምጣት እዚህ ከመፈለግ ይቀላል።

ሁለተኛው ነገር ርቀት ነው። በግድግዳ ላይ የሚታሰር የሻወር ሚክሰር የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ መግቢያዎቹ ከመሀል እስከ መሀል 150 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ዛሬ በብዙ ቤቶች የሚዘረጋው ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚግል መሣሪያ ጫፉ ለስልሶ የሚጣበቅ ስለሆነ፣ አንዴ ከተያያዘ በኋላ ሊነቀልና ሊስተካከል አይችልም። ጥንድ ጎሚቶዎቹ፣ ማለትም የነሐስ ጥርስ ያላቸው የቧንቧ ክርኖች፣ በትክክለኛው ርቀትና በአንድ ውሃ ልክ መቀበር አለባቸው፤ አፋቸውም ከልስኑ ሳይሆን በኋላ ከሚለጠፈው ሴራሚክ ፊት ጋር እኩል መሆን ይገባዋል። ከሚክሰሩ ጋር የሚመጡት የተጠማዘዙ አገናኞች ጥቂት ስሕተትን ይሸፍናሉ፤ ከዚያ ያለፈውን የሚያስተካክለው ግን ግድግዳ መቦርቦር ብቻ ነው።

ለሽንት ቤት መቀመጫም ነገሩ ያው ነው። አንዳንዱ ቆሻሻውን ወደ ኋላ በግድግዳ፣ አንዳንዱ ወደ ታች በወለል ያስወጣል፤ ወደ ታች የሚያስወጣው ደግሞ ከተጠናቀቀው ግድግዳ እስከ ቀዳዳው መሀል ያለው ርቀት በአሜሪካ ዕቃ ብዙ ጊዜ 305፣ በቻይና ዕቃ 305 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ፋብሪካ ሁለቱንም በአንድ መልክ ስለሚሠራ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ብቻ መግዛት አይበቃም። ፍላሹ የሚያፈሰው የውሃ መጠንም ሊጠየቅ ይገባል። በቀን 25 ጊዜ ውሃ በሚለቀቅበት ቤት፣ 9 ሊትር በሚወስደውና 6 ሊትር በሚበቃው መቀመጫ መካከል ያለው ልዩነት በወር 2,250 ሊትር ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚታደልበትና ፍሳሽ ወደ ግቢ ሴፕቲክ ታንክ በሚገባበት ሰፈር ይህ ሁለት ጊዜ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን ግፊት ነው። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ስለዚህ ከሻወሩ ራስ በሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ፣ ማለትም የፕላስቲክ የውሃ ታንከር፣ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። የአውሮፓ ሚክሰሮች ግን በተለምዶ ከ1 እስከ 5 ባር ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ትልቅ ሳህን የሚመስለው የዝናብ ሻወር በሮቶው ግፊት ከማንጠባጠብ አያልፍም። ፓምፕ ይፈታዋል፤ ሆኖም ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ቀላል ነው፤ በባሕር ዳርቻ ፓምፕ ውሃን ከሥሩ እስከ 10 ሜትር ሊስብ ይችላል የሚለው ስሌት እዚህ ወደ 7 ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ በተግባርም ከዚያ ያንሳል። ፓምፑ እንግዲህ ውሃ ከሚስብበት የመሬት ታንከር አጠገብ እንጂ ፎቅ ላይ አይቀመጥም።

የሚክሰሩ ልብ ካርትሪጅ ይባላል፤ በውስጡ እንደ መስተዋት የተፋቁ ሁለት የሴራሚክ ሳህኖች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ውሃውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ቆይቶ የሚመጣ ውሃ ይዞት የሚገባው አሸዋና ዝገት እነዚህን ሳህኖች ይፍቃቸዋል፤ አዲስ ቤት ውስጥ ደግሞ የቧንቧው ሥራ የተወው ፍርፋሪ ይጨመርበታል። መስመሩ ክፍት ተደርጎ በደንብ ሳይታጠብ ሚክሰር ማሰር ዕቃውን በመጀመሪያው ቀን ማበላሸት ነው። ካርትሪጁ ስፋቱ ከተለመዱት 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ምትክ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ፋብሪካው ለራሱ ብቻ በቀረጸው ልክ የተሠራው ግን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሲበላሽ ሙሉ ዕቃው ይጣላል። ክብደትም ይመርመር፤ በኒኬል ክሮም የተለበጠ ነሐስ በእጅ ሲያዝ ይከብዳል፣ በጥርሱ ውስጥም ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራው ግን ይቀላል፣ ጥርሱም ፈጥኖ ይበላል።

በገራዶ ቤት የሚሠራ ሰው እንግዲህ የሳኒተሪ ዕቃውን ከልስን በኋላ ሳይሆን ከልስን በፊት ይግዛ፤ ቧንቧ ሠራተኛውም ዕቃውን በእጁ ይዞ ሳይለካ አንድም ጎሚቶ በግድግዳ ውስጥ አይቅበር።