ሰው ሠራሽ ጡት፤ ልኩ እንዴት ይመረጣል?

አዲስ አበባ፦ ከፒያሳ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የሚገኘው ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በጠጅ ቤቶቹ፣ በቡና ቤቶቹና በሌሊት ሕይወቱ የታወቀ ሰፈር ነበር። ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ለተሰኘው ልብ ወለዳቸው መቼት ያደረጉትም ይህንኑ ሰፈር ነው። በዚያ ዘመን በውቤ በረሃ የሴት ልጅ ቁመና የገበያ ጉዳይ ነበር፤ መዛኙም ገንዘብ ይዞ የመጣው ወንድ ነበር።

ከዚሁ ሰፈር ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ለሚወጣ ሰው የካቲት 12 ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ሆስፒታሉ በቃጠሎ ሕክምናና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በመላ አገሪቱ ስሙ ይጠራል። ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የባለጸጎችን ቅንጦት ነው። ስያሜው ግን «መቅረጽ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ እንጂ ከጀሪካኑ ፕላስቲክ የተወሰደ አይደለም። ሙያው በእሳት የተቃጠለን፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደን፣ በአደጋ አካሉ የጎደለን ሰው መልሶ የመቅረጽ ሥራ ነው። ጡቷን በሕመም ያጣች ሴትም ከእነዚሁ ወገን ትቆጠራለች።

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው ግምት በአገራችን በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ሕመም እንደሚያዙ አመልክቷል። ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዕብጠቱ ከገፋ በኋላ በመሆኑ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማንሳት የተለመደ ሕክምና ሆኗል። ሕይወቷ ተርፎ ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት ከዚያ በኋላ የሚገጥማት ጥያቄ በአደባባይ እምብዛም አይነሳም። ቀሚሷ በአንድ ወገን ይንጠለጠላል፤ ነጠላዋን እየደረበች መሸፈን ታበዛለች፤ ገላዋን ለመታጠብ ከሰው ትሸሸጋለች። በሌላ በኩል ሕመም ሳይኖርባቸው፣ ከወሊድና ከማጥባት በኋላ የሟሸሸ ጡታቸውን ለመሙላት ወይም በተፈጥሮ ያነሰውን ለማሳደግ ወደ ግል ሕክምና ተቋማት የሚሄዱ የከተማ ሴቶች አሉ። የሁለቱ መነሻ ቢለያይም ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ቁጥር ይሁን?»

ጥያቄው ከቁጥር መጀመሩ ራሱ ችግር አለው። ኢምፕላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ጡት ከሲሊከን በተሠራ ከረጢት ውስጥ የሲሊከን ጄል ወይም የጨው ውኃ የተሞላበት ነው። መጠኑ የሚለካው በሲሲ ሲሆን፣ አንድ ሲሲ ከአንድ ሚሊ ሊትር ጋር እኩል ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ግማሽ ሊትር የታሸገ ውኃ 500 ሲሲ ይይዛል። 300 ሲሲ ኢምፕላንት እንግዲህ የዚያን ጠርሙስ ከግማሽ ትንሽ በለጥ የሚል ይሞላል፤ ክብደቱም ወደ 300 ግራም ይጠጋል። በሁለቱም ወገን ከገባ ከግማሽ ኪሎ የሚበልጥ ነገር ደረት ላይ ተጨመረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ 300 ሲሲ የሆኑ ሁለት ኢምፕላንቶች አንድ ዓይነት ጡት አይሰጡም። ነገሩን አርሶ አደር ከአውድማው ያውቀዋል። አንድ ቁና ጤፍ በሰፊው ሲደፋ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ በጠባብ ቦታ ሲከመር ደግሞ ወደ ላይ ይሾላል። እህሉ ያው ነው። ሐኪሞች ፕሮፋይል የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ኢምፕላንቱ ከመሠረቱ ስፋት አንጻር ወደ ፊት ምን ያህል እንደሚወጣ የሚያሳይ ልክ ማለት ነው። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብሎ ይከፈላል። ከአምራች አምራች ቢለያይም፣ የመሠረቱ ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኢምፕላንት እንደ ፕሮፋይሉ ከ200 ሲሲ አካባቢ እስከ 350 ሲሲና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም የሚጀምረው ከሜትር ነው። የፒያሳ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ትከሻና ወገብ እንደሚለካ ሁሉ፣ እርሱም አስቀድሞ የጡቱን መሠረት ስፋት ይለካል። ከዚያ የላይኛውን ሥጋ በጣቶቹ መካከል ቆንጠጥ አድርጎ ውፍረቱን ያያል፤ ቆዳው ሲሳብ ምን ያህል እንደሚለጠጥ፣ ከጡት ጫፍ እስከ ሥረኛው እጥፋት ያለው ርቀት ስንት እንደሆነ ይመዘግባል። ኢምፕላንቱ ከጡቱ መሠረት መጥበብ ይኖርበታል፤ ጠርዙን የሚሸፍን የራሷ ሥጋ ያስፈልገዋልና። ከስፋቱ ካለፈ ወደ ብብት ገፍቶ ክንድን ይነካል፤ ወይም ሁለቱ ጡቶች መሃል ላይ ይገጥማሉ። ስፋቱ ከታወቀ በኋላ ፕሮፋይሉ ይመረጣል፤ የሲሲው ቁጥር ከሁለቱ ተከትሎ የሚመጣ ነው። ብዙ ታካሚዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ቁጥር በሐኪሙ ሥራ ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚገኝ መሆኑ ያስገርም ይሆናል።

ተፈጥሯዊ መልክ የሚባለው ምን እንደሆነም ተጠንቷል። በለንደን የሚሠሩት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ፓትሪክ ማሉቺ ከባልደረባቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ ሰዎች ይበልጥ የወደዱት ከጡት ጫፍ በላይ 45 በመቶ፣ ከጫፉ በታች ደግሞ 55 በመቶ የሚሆነው ሙላት ያረፈበትን ጡት ነው። ከላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ከታች ሞላ የሚል ቅርጽ ነው ማለት ነው። ከላይ እንደ ኳስ የሚነፋ ጡት ሰው ሠራሽነቱን ወዲያው ያሳብቃል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው ለጠባብ ደረትና ለስስ ቆዳ ከፍተኛ ፕሮፋይልና ብዙ ሲሲ ሲመረጥ ነው። ቀጭን በሆነች ሴት ላይ የኢምፕላንቱ ጠርዝና እጥፋት በቆዳ ሥር ሊታይ ይችላል። የተቆነጠጠው ሥጋ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሐኪሞች ኢምፕላንቱን በደረት ጡንቻ ሥር ማስገባትን የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

በጡንቻ ሥር ማስገባት ግን የራሱ ዕዳ አለው፤ ይህም በከተማ ካለችው ይልቅ የገጠሯን ሴት ይመለከታል። ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ኢምፕላንቱን ይጫነዋል፤ ጡቱም ይንቀሳቀሳል፣ ቅርጹም ለጊዜው ይዛባል። ቀኑን በወንበር ላይ ተቀምጣ ለምትውል ሴት ይህ እምብዛም ላይታወቃት ይችላል። ቡና ለምትወቅጥ፣ እንስራ ለምታነሳ፣ የእንጨት ሸክም በገመድ ደረቷ ላይ ለምታስር ሴት ግን የየዕለት ጉዳይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ለሳምንታት፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ሳምንት፣ ከባድ ነገር ማንሳት ይከለከላል። ታካሚዋ የምትሠራውን ሥራ ሳይጠይቅ መጠን የሚመርጥ ሐኪም ግማሹን ምርመራ ዘልሏል ማለት ይቻላል።

ክብደቱም ከጊዜ ጋር ይናገራል። ከልክ ያለፈ ኢምፕላንት ቆዳውን ይለጥጣል፣ የራሷን የጡት ሥጋ እየተጫነ ያሳሳል፣ ከዓመታት በኋላም ከእጥፋቱ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ለማስተካከል ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ የሳሳው ሥጋ ግን አይመለስም። በጡት መያዣ ቁጥር መመካትም አያዋጣም፤ የአንዱ አምራች «ሲ» የሌላው «ዲ» ሊሆን ይችላል። ለመገመት የሚረዳው ቀላል ዘዴ በሲሲ የተለካ ሩዝ በስስ ካልሲ ቋጥሮ በጡት መያዣ ውስጥ አድርጎ ጥቂት ቀናት መዋል ነው። ልብስ ለብሶ በመስታወት ከማየቱ ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲያጎነብሱ የሚሰማው ስሜት የበለጠ ይናገራል።

ጡቷ በካንሰር ምክንያት ለተነሳላት ሴት ምርጫው ይጠብባታል። ቆዳ ስለሚያጥር በመጀመሪያ ባዶ ከረጢት ገብቶ በየጊዜው የጨው ውኃ እየተጨመረበት ቆዳው ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ቋሚው ኢምፕላንት የሚተካው ከወራት በኋላ ነው። መጠኑን የሚወስነውም የቀረው ጡት ነው። ልጆች አጥብቶ የወረደ ጡትን በኢምፕላንት መምሰል አይቻልም፤ ኢምፕላንት በዕድሜ አይረግብምና። በዚህ ጊዜ ጤነኛውን ጡት ማንሳት ወይም መቀነስ ሊታሰብ ይችላል። የጨረር ሕክምና የወሰደች ሴት ደግሞ ሰውነቷ በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚሠራው ጠባሳ የመጠንከርና ጡቱን የማዛባት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ለእርሷ ከጀርባ ወይም ከሆድ በተወሰደ የራሷ ሥጋ ጡት መሥራት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምና ለማትሻም በጡት መያዣ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ጡት አለ። በቤት ውስጥ ከጥጥ ጨርቅ ተሰፍቶ ጥቂት ክብደት ሲጨመርበት ከወዲያኛው ጡት ጋር ይመጣጠናል፤ ጡት መያዣው ወደ ላይ እንዳይሸሽም ይይዘዋል። ይህ መፍትሔ ከሚገባው በታች መወራቱ ያሳዝናል። የትኛውም ተመረጠ የካንሰሩ ሕክምና ይቀድማል፤ ጡት መልሶ መሥራት ከዓመታት በኋላም ይቻላል።

የመጀመሪያው የሲሊከን ኢምፕላንት ለታካሚ የተደረገው እ.ኤ.አ በ1962 በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ጥንቃቄ የሚያስተምር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1992 የሲሊከን ጄል ኢምፕላንት ለውበት እንዳይውል አግዶ በ2006 መልሶ ፈቅዷል። በ2010 ደግሞ ፒ አይ ፒ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊከን ይጠቀም እንደነበር ተደርሶበት፣ ምርቱን በየአገሩ ያስገቡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ለጭንቀት ተዳርገዋል። በ2019 አለርጋን የተባለው አምራች ገጻቸው ሻካራ የሆኑ ኢምፕላንቶቹን ከዓለም ገበያ ሰብስቧል፤ ብዙ ባይከሰትም ከአንድ የሊምፍ ካንሰር ዓይነት ጋር ተያይዘው ስለተገኙ ነው። በአገራችን የሕክምና መሣሪያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተሰጠው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ታካሚዋ የሚገባላት ኢምፕላንት በባለሥልጣኑ የተመዘገበ መሆኑን የመጠየቅ መብት አላት።

ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕቃ አይደለም። የሃያ አምስት ዓመት ሴት ካስገባች በሕይወቷ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቃት ማወቅ፣ ገንዘቡንም ለአንድ ጊዜ ብቻ አለማሰብ ይኖርባታል። የሲሊከን ጄሉ ሳይታወቅ ሊቀደድ ስለሚችል ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ መታየት፣ ከዚያም በየሁለትና ሦስት ዓመቱ መደጋገም ይመከራል። ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር ወይም ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ የተሠራላት ሴት የኢምፕላንቱን አምራች፣ መጠን፣ ፕሮፋይልና የምርት ቁጥር የያዘውን ካርድ ተቀብላ ከመታወቂያዋ ጋር ብታስቀምጥ በቅርቧ ያለው ሐኪም ምን እንዳለባት ሳይቸገር ያውቃል። ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት በድንገት ካበጠ፣ ከጠነከረ ወይም አዲስ ዕብጠት ከተዳሰሰ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። ለጡት ራጅ ስትቀርብም ኢምፕላንት እንዳለባት አስቀድማ ለባለሙያው መንገር ይኖርባታል፤ ኢምፕላንቱ የጡቱን ሥጋ በከፊል ስለሚጋርድ ተጨማሪ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋልና።