እያዩ በመቅዳት ሥዕል መማር

ፊደል ስንማር መጀመሪያ «ሀ»ን የጻፍነው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እያየን ነው። ሥዕልም እንዲሁ ነው። ጥሩ ሥራ እያዩ መቅዳት እጅን ያሠለጥናል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ትምህርት ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ዣን ፍራንሷ ሚሌ የገበሬ ልጅ የሆነ የፈረንሳይ ሠዓሊ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1850 «ዘሪው» የተባለውን ሥዕል ሣለ። በሥዕሉ ላይ ያለው ንጉሥ ወይም ጌታ አይደለም። የዘር ከረጢቱን አንግቶ፣ ረጅም እርምጃ እየተራመደ የሚዘራ ገበሬ ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎግ ገና ጀማሪ ሳለ፣ በ1881፣ ይህንኑ ሥዕል በብዕር ቀዳው። በ1888 ደግሞ የራሱን ዘሪ ሣለ፤ ከማሳው ማዶ ትልቅ ቢጫ ፀሐይ አወጣ። ቀድቶ ተማረ፤ ተምሮ የራሱን ሠራ።

እነዚህ ሰዎች የሚቀቡት በዘይት ቀለም ነበር። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። ዛሬ ለጀማሪ የሚመቸው አክሪሊክ የሚባለው ቀለም ነው። በውሃ ይቀጥናል፤ ስስ ተደርጎ ከተቀባ በደቂቃዎች ይደርቃል። የደረቀ ጭቃ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። አክሪሊክ ግን አንዴ ከደረቀ ውሃ አያስለቅቀውም። በውስጡ ያለው ፕላስቲክ መሰል ማጣበቂያ፣ ውሃው ሲተን እርስ በርሱ ይያያዛልና።

አሠራሩን በቅደም ተከተል እንይ።

1ኛ/ በምትቀዱት ሥዕል ላይ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ቁልቁልም አግድምም አስምሩ። በሸራው ላይ በየ6 ሳንቲ ሜትሩ አስምሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ቤት ለየብቻ በእርሳስ ቅዱ። ሥዕሉ 3 እጥፍ ያድጋል። ማሳን በትልም ከፋፍሎ እንደ መዝራት ነው፤ የሚዘለል ቦታ የለም።

2ኛ/ ቡናማ ቀለም በውሃ አቅጥናችሁ ጥላ ያለበትን ቦታ ቀቡ።

3ኛ/ ሲደርቅ ወፈር ያለውን ቀለም ደርቡ። ከጨለማው ጀምራችሁ ወደ ብርሃኑ ሂዱ። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር፣ ቀለሙን አስቀድማችሁ በቁራጭ ወረቀት ሞክሩ።

4ኛ/ ብሩሹን ሳይደርቅ እጠቡ። ከደረቀበት እንጨት ሆኖ ይቀራል።

ሲያልቅ ከጀርባው «ከሚሌ ሥዕል የተቀዳ» ብላችሁ ጻፉ። የሰው ሥራ የባለቤቱ ነውና። ቀጥሎ የራሳችሁን ዘሪ ሣሉ። ጤፍ የሚዘራ ሰው እጁ እንዴት እንደሚወረወር ከሚሌ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።