ለትንሽ ጀልባ የሚሆን የበረዶ ሳጥን

ጓሳ ላይ ብርድ ሞልቷል፤ ዓሣ አጥማጅ ግን የለም። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው በዚህ የመንዝ ምድር ሌሊት ሌሊት ውርጩ ሣሩን ሲያነጣው ያድራል። ጣና ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቆረሶው፣ አምባዛው፣ ነጭ ዓሣው አለ፤ ብርዱን ግን ገዝቶ በሳጥን መጫን የግድ ነው።

ሳጥን መግዛት የሚያስበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው “ስንት ዓሣ ይይዛል?” ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በረዶው ነው እላለሁ። በየቀኑ 15 ኪሎ በረዶ ብቻ ለሚያገኝ አጥማጅ ትልቅ ሳጥን ትርፉ ሸክም ነው። ባዶ የቀረው ቦታ በሞቀ አየር ይሞላል፤ ከበረዶውም የተወሰነው ዓሣውን ትቶ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ያልቃል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት፣ ያንኑ ያህል ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ስለዚህ 24 ዲግሪ ላይ ያለ 10 ኪሎ ዓሣ ወደ ዜሮ ለማውረድ 2 ኪሎ ተኩል ያህል በረዶ ይበቃል። ይሁን እንጂ ፀሐይ አለ፣ ክዳኑ በየጊዜው ይከፈታል፣ መንገዱም ይረዝማል። ጣና ከደቡብ እስከ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በጎርጎራ በኩል የተያዘ ዓሣ ባሕር ዳር እስኪደርስ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። በሞቃት አገር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ የሚባለው ለዚህ ነው። በዚህ ሒሳብ 60 ሊትር የሚይዝ ሳጥን ከ20 ኪሎ ብዙም የማይበልጥ ዓሣ ነው የሚጭነው፤ የተከሰከሰ በረዶ ቦታ ይወስዳልና።

ቀጥሎ የግድግዳው ውፍረት ይታያል። በጓሳ ሣር የተከደነ ቤት ሙቀቱን የሚጠብቀው በሣሩ መካከል በታሰረው አየር ነው፤ የሳጥኑ ፎምም ሥራው ይኸው ነው። በ60 ሊትር ሳጥን ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ካለ በግድግዳው በኩል በቀን 4 ኪሎ ገደማ በረዶ ይቀልጣል። ፎሙ በግማሽ ቢቀንስ ብክነቱ እጥፍ ይሆናል። የተሰነጠቀ ሳጥን ግን ውፍረቱ አያድነውም። ውሃ የገባበት ፎም ብርድ መያዙን ይተዋል። የክዳኑ ጎማ ዙሪያውን መግጠሙን ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ነጭ ቀለምም ለጌጥ አይደለም፤ ፀሐዩን ይመልሳል።

ጀልባው ራሱ የሚፈርደው ነገር አለ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ወለሉም ስለሚረጥብ፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ቀላል የፎም ሳጥን ይሻለዋል። በ1970ዎቹ መገባደጃ ወደ ጣና የገቡት ዓይነት የሞተር ጀልባዎች ግን ጠንካራውን የፕላስቲክ ሳጥን ይችላሉ። ዓሣና በረዶ የሞላ ባለ 60 ሊትር ሳጥን 50 ኪሎ ይጠጋል። መሐል ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ በገመድ ታስሮ መቀመጥ አለበት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የሚንሸራተት ሳጥን ጀልባ ይገለብጣል።

ሳጥኑ የማይችለውንም ማወቅ ደግ ነው። መረብ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ሲነሣ ዓሣዎቹ የሞቱበት ሰዓት ይለያያል፤ ከሞቱ በኋላ ያለፈው ሰዓት በበረዶ አይመለስም። በስንጥቡና በሆድ ዕቃው ያለው ባክቴሪያ በሙቀት ስለሚራባ፣ ሳይዘገይ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አንድ ረድፍ በረዶ አንድ ረድፍ ዓሣ እያደረጉ መደርደር ይሻላል። እንዲህ የተያዘ ቆረሶ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ያለ በረዶ የተተወው ግን ቀኑን መዝለቁ ያጠራጥራል። በሁዳዴ ገበያው ሲደራ የሚቸኩል ሁሉ ይህንን ይረሳል።

አንድ የማልደራደርበት ነገር ከታች ያለው የውሃ መውጫ ነው። የቀለጠው ውሃ ደምና ቆሻሻ ይዞ ስለሚጠራቀም ዓሣው እዚያ ውስጥ መዋል የለበትም፤ ስለዚህ መውጫ የሌለው ሳጥን ርካሽም ቢሆን አይገዛ። በረዶውም ከሚጠጣ ውሃ የተሠራ ይሁን። ሥራ ሲያልቅ ሳጥኑ በሳሙና ታጥቦ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይድረቅ፤ ቤንዚንና ዘይት ደግሞ አንድ ቀንም አይጫንበት፤ ፕላስቲኩ ሽታውን ከያዘ በኋላ አይለቅም።